የእትዬ ጽጌ ሁለት ነጥብ

«ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?»

ናይሮቢ፣ ቁጥር ስድስት ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ነን፤ ከመሀል ከተማ ወደ ኢስትሊ ሰፈር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ፓንጋኒ ስንደርስ መንገዱ ጭራሽ ተዘጋ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ሙዚቃውን ግን አላጠፋም። ከጓደኛዬ ጋር በአማርኛ ሳወራ ቆይቼ ስልኩን ገና መዝጋቴ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለካ እስክጨርስ ሲጠብቁ ኖሯል።

«ደህና ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይህቺን እዪልኝ።» ከጨርቅ ቦርሳቸው ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በላዩ ላይ የሰው ስም በየመስመሩ ተደርድሯል። ሁለት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። «ይህችኛዋ ነጥብና ይህችኛዋ ነጥብ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?»

አጎንብሼ አየሁ። ከአንዱ ስም ቀጥሎ ሁለት ነጥብ አለ። በታችኛው መስመር ካለው ስም ቀጥሎም ሁለት ነጥብ አለ።

«አንድ ናቸው» አልኩ።

በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ኢዮኤልም እንዲሁ ነው ያለኝ። እሱ እንኳ መሐንዲስ ነው።»

እኔ ሰው ሲያወራ መስማት እወዳለሁ። መንገድ ተዘግቶ፣ የማላውቀው ሰው ስለ ሁለት ነጥብ ሊያወራኝ ሲዘጋጅ ደግሞ ጭራሽ ከመቀመጫዬ አልነቃነቅም። ወደ እሳቸው ዞሬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ፤ ሰው ሁሉ እትዬ ጽጌ ነው የሚላቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ናይሮቢ የመጡት ልጃቸውን አራስ ለመጠየቅ ነበር፤ ጥየቃው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። «እርማት የሚሠራው ለሁለት ነው» አሉኝ። «አንዱ ከረቂቁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የታተመውን በማስመሪያ እየተከተለ ያያል። ነጥቡ ሁሉ ይነበባል። 'መጣ አራት ነጥብ፤ ሄደ ነጠላ ሰረዝ።' ቤቴ ስገባ ባሌን 'ራት ቀርቧል አራት ነጥብ' እለው ነበር።»

አሁን የሚሠሩት ኢስትሊ፣ አንድ የገበያ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። የተጠፋፉ ዘመዶችን ያፈላልጋል። ሰው በሞያሌ በኩል ሲመጣ ይጠፋፋል፣ ከካምፕ ወደ ካምፕ ሲዛወር ይጠፋፋል፣ ስልኩን ሲሰረቅ ይጠፋፋል። ከመጠለያ፣ ከሆስፒታል፣ ከቤተክርስቲያንና ከመስጊድ የሚሰበሰቡ የስም መዝገቦች አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ፤ የመፈለጊያው ፕሮግራም ደግሞ የሚፈለገውን ስም ከውስጣቸው ያድናል። ዛሬ ካላገኘው ስሙን ይዞ ይጠብቃል። ነገ ይሁን በወሩ ያ ስም ከአንዱ መዝገብ ብቅ ሲል የቢሮው ስልክ ይጮሃል። ይህንን ጩኸት አለርት ይሉታል።

«ግን ማሽኑ ሞኝ ነው» አሉ እትዬ ጽጌ። «ሐብተማርያም የሚባል ሰው በስንት ዓይነት ይጻፋል? በሀሌታው ሀ አለ፣ በሐመሩ ሐ አለ፣ በብዙኃኑ ኀ አለ። 'ማሪያም' የሚልም አለ። ለሁለት ከፍሎ የሚጽፍ አለ፣ ገጥሞ የሚጽፍ አለ። ማሽኑ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም፤ ካልነገርሽው በስተቀር።»

የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ፋይል አለ፤ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ስሙ ይጻፋል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ስሙ ሊጻፍ የሚችልባቸው መንገዶች በሙሉ። ስድስት መቶ አሥራ አራት ስም! ከየትም አልገለበጡትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያርሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ የቀረ ነው። እኔ የራሴን ስም እንኳ በሁለት ዓይነት ነው የምጽፈው፤ ይኸው ቁጭ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ላይ ስሞቹን በወረቀት እየጻፉ ይሰጡ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚያስገባው ኢዮኤል ነው፤ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ ዌስትላንድስ የሚሠራ የኮምፒውተር መሐንዲስ። አምስት መቶ ሰባ ሦስቱን ስም እንዲህ እያለ አስገባ። ከዚያ ከሦስት ሳምንት በፊት መጣና «እትዬ፣ ከእንግዲህ እራስዎ ያስገቡ፤ ኢዚ ነው» አላቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሯቸው ተቀምጦ አስተማራቸው።

«የዚያን ቀን ደስታዬን አትጠይቂኝ» አሉኝ። «ጋዜጣ ሳርም ኖሬ በስተርጅና ማሽን ሳርም! በአንድ ቀን አርባ አንድ ስም አስገባሁ። ከአርባ አንዱ የመጀመሪያው አለኸኝ የሚል ነው።»

አለኸኝ የውዴ ታናሽ ወንድም ነው። ውዴ ደግሞ ኢስትሊ ውስጥ የሕጻናት ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። ወንድሟ ወደ እሷ ሲመጣ መንገድ ላይ ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። በየማክሰኞው ሱቋን ትዘጋና ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ትጠይቃለች። እትዬ ጽጌ ስሙን ያስገቡ ዕለት ደውለው «ከእንግዲህ ደረጃ አትመላለሺ፤ ስልኩ ይጮሃል፤ ያኔ እደውልልሻለሁ» አሏት።

ውዴ ሁለት ማክሰኞ ቀረች። በሦስተኛው፣ ማለትም ከትናንት ወዲያ፣ መጣች።

«ደረጃውን ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ሳትቀመጥ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'እትዬ፣ ለእኔ አልጮኸም፤ እሺ፣ ዕድሌ ነው። ለሌላ ሰውስ ይጮሃል?'»

የማታቱው ረዳት፣ ኮንዳው፣ ወርዶ ከፊታችን ያለውን መኪና ሾፌር ይሳደባል።

«ስልኩን አንስቼ አየሁ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጮህ የነበረ ስልክ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልጮኸም። ለማንም! እኔ ደግሞ በየቀኑ እያየሁት 'ዛሬም አልተገኘም' እላለሁ። ማሽን ዝም ሲልሽ 'የለም' ያለሽ ይመስልሻል፣ ልጄ። 'አላነበብኩም' ማለቱ ሊሆን እንደሚችል ማን ይጠረጥራል?»

በማግስቱ ኢዮኤል ከዌስትላንድስ ሆኖ ማሽኑን ሲፈትሸው ነገሩ ታወቀ። አለርቱ ፋይሉን ማንበብ አቅቶት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳይነሳ ተኝቷል። አንድ መስመር ካላነበበ የቀሩትን አንብቦ አይሠራም፤ ሁሉንም ይተዋል። «ፓርሲንግ ኤረር ነው» አላቸው። የስህተቱ መልእክት እንዲህ ይላል፦ መስመር አምስት መቶ ሰባ አራት ላይ ሁለት ነጥብ ጠብቄ አጣሁ። ኢዮኤል መስመሩን ያያል፤ ሁለት ነጥቡ ፊት ለፊቱ ተገትሯል። መስመሩን ለሙከራ ያጠፋዋል፤ ከታች ያለው ወደ ቦታው ይወጣል፤ ማሽኑ አሁንም «አምስት መቶ ሰባ አራት ላይ ሁለት ነጥብ አጣሁ» ይላል። ደግሞ ያጠፋል፤ ደግሞ ያንኑ ይላል።

«'ማሽኑ አማርኛውን አልወደደውም' አለኝ በስልክ። 'አምስት መቶ ሰባ ሦስቱን ሲወደው ኖሮ?' አልኩት። ኢዮኤል ደህና ቀን 'እርስዎ' ነው የሚለኝ፤ ሲጨንቀው ግን 'አንቺ' ይለኛል። 'እትዬ ፕሊዝ አታስቸግሪኝ' አለኝ። አማርኛውን በሙሉ አውጥቶ፣ በላቲን ፊደል የተጻፉትን ስሞች ብቻ ይዞ ሊያስነሳው ነው። 'ለጊዜው' ይላል።»

«እርስዎስ?»

«'ለማን ጊዜው?' አልኩት። መጠለያ ውስጥ ያለው ጸሐፊ የአገሬ ሰው ከሆነ በአማርኛ ነው የሚጽፈው። አማርኛው ከወጣ የውዴ ወንድም ስሙ ቢጻፍም አይገኝም። 'እስከ ነገ እንዳትነካው' አልኩና ዛሬ በጠዋት ዌስትላንድስ ድረስ ሄድኩ።»

ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው። ኢዮኤል ሁለት ኮምፒውተር ፊቱ ከፍቶ ተቀምጧል። እትዬ ጽጌ ወንበር ሳቡና «ወረቀት ላይ አውጣልኝ» አሉት።

«ማዘር፣ ኮድ ማንም ፕሪንት አያደርግም።»

«እኔ አደርጋለሁ።»

«ሃያ ገጽ ነው!»

«ጋዜጣ ከዚህ ይበልጣል።»

አወጣላቸው። ማስመሪያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው በመስመሩ ሥር አጋደሙት፤ መነጽራቸውን አጠለቁ። ይህንን ሲነግሩኝ እጃቸው ማታቱው ውስጥ ማስመሪያውን በሌለበት ያንቀሳቅስ ነበር። «እርማት ላይ ጸሐፊውን አታምኚም። ራስሽንም አታምኚም፤ ዓይንሽ ማየት የፈለገውን ነው የሚያይልሽ። ቀለሙን ብቻ ነው የምታምኚው። ማሽኑ 'ሁለት ነጥብ የለም' ካለ፣ ልክ ነው ብዬ ጀመርኩ። እንግዲያው እዚያ ያለው ምንድን ነው?»

አሁን ወረቀቱን እንደገና ጭኔ ላይ ዘረጉልኝ። «የላይኛዋን እዪ። ቀጠን ያለች ናት፤ ከፊደሉ እግር ሥር ነው የምትነሳ፤ ወደ ስሙ ተለጥፋለች። የፈረንጆቹ ናት። የታችኛዋ ደግሞ ወፈር ትላለች፤ ወገቧ መሀል ላይ ነው፤ ከግራም ከቀኝም አየር አላት። ይቺ የእኛው ሁለት ነጥብ ናት! ቃልና ቃል የምትለየው፣ የመጽሐፉ።»

አየሁ። እውነት ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት መንታ የነበሩት ነጥቦች አሁን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆኑብኝ። ይህንን ለማመን እስካሁን ይቸግረኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ኖሬ አይቻቸው አላውቅም።

«ዛሬ ሰው ባዶ ቦታ ነው የሚተወው፤ ሁለት ነጥብን ከነመኖሯ ረስቷታል» ቀጠሉ። «እኔ አልረሳሁም። ስሙን በአማርኛ ጻፍኩ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ የነጥቡን ቁልፍ ተጫንኩ፤ የወጣችው የእኛዋ ናት። እኔም ሳያት ደስ አለችኝ እንጂ መች አስደነገጠችኝ። አርባ አንዱም መስመር ላይ አንድም ሳልስት! 'አገኘሁት!' ብዬ ጮህኩ። ቢሮው በሙሉ ዞረ። ወዲያው ደግሞ የማን እጅ እንደሆነ ገባኝ።»

ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኢዮኤል ጥሩ ልጅ ነው። 'ፖሌ፣ እትዬ፣ ይቅርታ' አለኝ። 'አለርቱ ራሱ ሲታመም የሚጮህ ነገር ማድረግ ነበረብኝ፤ የእኔም ጥፋት ነው።' ከዚያ 'በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም በሰከንድ ልቀይራቸው' አለ። 'እጅህን ሰብስብ!' አልኩት። ገብረ፡መድህን የሚለው በድሮው የልደት ወረቀት ላይ መሀሉ ሁለት ነጥብ ገብቶበት ነው የሚጻፈው፤ ያ አጻጻፍ እንዳለ መቆየት አለበት። ስለዚህ ለሁለት አረምነው። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያርማል። 'አለኸኝ፤ የፈረንጅ ነጥብ! አለህኝ፣ አለሀኝ፣ አለኽኝ፤ አዲስ መስመር!' የጎረቤት ቢሮ ሰዎች መጥተው በመስታወቱ ያዩናል።»

አርባ አንዱ ሲያልቅ ኢዮኤል አለርቱን አስነሣው፤ ተኝቶ ያለፈባቸውን ቀናት መዝገብም ከመጀመሪያው እንዲያይ አዘዘው። እትዬ ጽጌ ይዘውት የመጡት የቢሮው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለቱም እያዩት ጮኸ።

አለህኝ። በኸ ሳይሆን በሀሌታው ህ። ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ ኢሲዮሎ አጠገብ ካለ አንድ መጠለያ፤ ዕድሜውም የአባቱም ስም ልክ ነው። የተመዘገበው ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት።

«አሥራ ሦስት ቀን፣ ልጄ። ስሙ ተጽፎ ተቀምጦ።» ወረቀቱን ከጭኔ አንስተው በላስቲኩ ጠቀለሉት። «የመጠለያውን ስልክ ሁለቴ ሞከርን፤ አይነሳም። ይኸው ወደ ውዴ እየሄድኩ ነው።»

«ለምን አልደወሉላትም?» አልኩ።

«ደውዬ 'ተገኘ' ካልኳት ታመሰግነኛለች። ማመስገን ሳትጀምር ጥፋቴን መስማት አለባት።»

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። «እትዬ፣ በእግር እንሂድ» አልኳቸው። ኮንዳውን አስከፍተን ወረድን። ጃንጥላዬን ከላያቸው ያዝኩ፤ እሳቸው ግን ከጃንጥላው እየቀደሙ በጭቃው ውስጥ ይገሰግሳሉ። ስልሳ አንድ ዓመት ያሉኝ ሴት ስደርስባቸው እያመለጡ ኢስትሊ ገባን።

የውዴ ሱቅ ከአንድ ኮሪደር መጨረሻ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በሙሉ መዳፍ በምታህል ካልሲና ኮፍያ ተሸፍኗል። ውዴ የታጠበ የሚመስል ፊት ያላት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት። መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ቀሚስ ትሰቅላለች።

«እትዬ! በዚህ ዝናብ? አበዱ እንዴ?»

«ቁጭ በይ፣ ውዴ። በድዬሻለሁ፤ መጀመሪያ እሱን ስሚኝ።»

«እርስዎ? እኔን? ምን፣ ስሜን አሳስተው ጻፉት?» ልትስቅ ነበር። እትዬ ጽጌ ሳይስቁ ወረቀቱን ዘረጉላትና ጣታቸውን ነጥቡ ላይ አደረጉ። ውዴ ነጥቡን አላየችውም። ያየችው ስሙን ነው።

«የአለኸኝ ስም እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተገኝቷል። አሥራ ሦስት ቀን ያዘገየሁብሽ እኔ ነኝ። ስሙን ስጽፍ ተሳሳትኩ፣ ማሽኑ ማንበብ አቃተው፣ እኔም ዝምታውን አምኜ አንቺን 'አትምጪ' አልኩሽ። አሁንም እዚያው ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ውዴ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች። ስልኳን አነሳች፤ ቁጥሩን እትዬ ጽጌ ነገሯት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

ጠራ። ጠራ። አንድ ሰው በስዋሂሊ አነሳ። ውዴ ስሙን ነገረችው። «ንጎጃ» አላት፣ ቆዪ ማለቱ ነው። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ የበር መንቋቋት፣ የሆነ ሰው ሳል። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በማላውቀው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«አቤት?» አለ ስልኩ።

«አለኸኝ?»

«ውዴ ነሽ? ድምፅሽ ወፍሯል።»

«አንተ ከሲታ! አንተ ጅብ የማይበላህ! ሁለት ዓመት ሙሉ!» እየሰደበችው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ስድቡ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሱም ከወዲያ ማዶ እየተነፋረቀ ያወራል፤ ስልኩ ከነቁጥሯ ተሰርቋል፣ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ከርሟል፣ አሁን ደህና ነው። «እዚህ ካሉ ልጆች ጋር ቅዳሜ ወደ ደቡብ ልንነሳ ነው» አላት። «እኔ ዘመድ የለኝም ብዬ ነው እኮ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። እትዬ ጽጌን አየኋቸው፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ኮፍያዎች ደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አንድ እግርህን ከዚያ ብታነሳ እሰብርልሃለሁ! ነገ መጣሁ!» አለች ውዴ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ተነስታ እትዬ ጽጌ ፊት ቆመች። «እትዬ፣ አልዋሽዎትም፤ አሥራ ሦስቱ ቀን ይቆጨኛል። ቅዳሜ አልፎ ቢሆን ኖሮ ዓይንዎን አላይም ነበር።»

«ልክ ነሽ» አሉ እትዬ ጽጌ።

ውዴ ቀኝ እጃቸውን ያዘች፤ ጣታቸውን ሳመችና ፊቷ ላይ አደረገችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቦርሳ ልትፈልግ ዞረች፤ ነገ መንገደኛ ናት።

ወጥተን ደረጃው አፍ ላይ ቆምን። ዝናቡ አባርቷል። «እትዬ፣ አሁን እንኳ ትንሽ ይረፉ» አልኳቸው። «ሻይ ልጋብዝዎት።»

ወረቀቱን አውጥተው የአለኸኝ ስም ላይ በቀዩ እስክሪብቶ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ እንደገና በላስቲኩ ጠቀለሉት።

«ስልኩ ዛሬ ጠዋት ሰባት ጊዜ ነው የጮኸው፣ ልጄ» አሉኝ። «ስድስት ቤት ይቀረኛል። ሁለቱ ስሞች የመጡት ከሬሳ ክፍል መዝገብ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ሰው ሄዶ ነው የሚነግር፣ በስልክ አይነገርም።»